የውስጡና የውጭው ዲኤንኤስ አንዱ የሌላው ቅጂ መሆን የለበትም

ጥያቄው፦ «የአንድ የግል ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ዋናው ግቢያችን አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፋችን አዳማ ነው፤ ሁለቱ በቪፒኤን ተገናኝተዋል። ድረ ገጻችንና ኢሜይላችን ውጭ አገር ባለ አስተናጋጅ ላይ ናቸው፤ የተማሪዎች ፖርታል ግን በራሳችን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው ከቤቱ ሲሆን በፐብሊክ አይፒ፣ ግቢ ውስጥ ሲሆን በ10.20.0.15 እንዲገባ እፈልጋለሁ። ባይንድ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም) የተጫነባቸው ሁለት የሊኑክስ ሰርቨሮች አሉኝ። በሁለቱም ላይ የውስጥና የውጭ ቪው (እንደ ጠያቂው አድራሻ የተለየ መልስ የሚሰጥ ክፍል) ፈጥሬ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንዲገለብጥ አደረግሁ። አሁን ከውጭ የሚገቡ ተማሪዎች ፖርታሉ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ አይከፈትም ይላሉ። ሁለቱም ሰርቨሮች ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ ነው። ለሠራተኞች ኮምፒውተሮች የጉግልን 8.8.8.8 በሁለተኛ ዲኤንኤስነት ሰጥቻለሁ። ዓላማዬ አንድ ቦታ አርሜ ሁሉም ጋ እንዲደርስ ነው። በቅርቡ አክቲቭ ዳይሬክተሪም (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያ) እንተክላለን። ምን ላስተካክል?»

ምላሽ፦

«አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ አይከፈትም» የሚለው ቅሬታ ከፖርታሉ ጋር አይገናኝም። ከሁለቱ ሰርቨሮችዎ አንደኛው ለውጭው ዓለም ትክክለኛውን ፐብሊክ አይፒ ሲናገር ሁለተኛው 10.20.0.15 እያለ ነው። የተማሪው ሪዞልቨር (ስም ፈልጎ የሚያመጣለት ሰርቨር) ከሁለቱ አንዱን ይጠይቃል፤ ዕጣው ለሁለተኛው ከወጣ ተማሪው ከግቢ ውጭ የትም የማያደርስ የግል አድራሻ ይዞ ይቀራል። መልሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቆይ ችግሩ ለአንዱ ሲታይ ለሌላው አይታይም። እርስዎ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲሞክሩት ደግሞ ሁለቱም ሰርቨሮች ተገቢውን የውስጥ አድራሻ ስለሚሰጡዎት ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

መነሻው ባይንድ ቪው የሚመርጥበት መንገድ ነው። ጥያቄ ሲደርሰው ቪዎቹን ከላይ ወደ ታች ያያል፤ የጠያቂውን አድራሻ የሚቀበለውን የመጀመሪያውን ቪው ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። ሰከንደሪዎ (ገልባጩ፣ ሁለተኛው ሰርቨር) ዞን (የአንድ ስም መዝገቦች ስብስብ) ሊገለብጥ የሚመጣው በራሱ የውስጥ አድራሻ ነው። ለውስጡ ቪው ሲጠይቅ የውስጡን ያገኛል። ለውጭው ቪው ሲጠይቅም አድራሻው ያው ስለሆነ ፕራይመሪው (የሚገለበጥበት፣ የመጀመሪያው ሰርቨር) አሁንም የውስጡን ይሰጠዋል። በዚህም ምክንያት በሰከንደሪው ላይ ሁለቱም ቪዎች አንድ ዓይነት ይዘት ይዘው ተቀምጠዋል። ምንም የስህተት መልእክት አይጻፍም፤ በባይንድ ዓይን ዝውውሩ ተሳክቷል። በነገራችን ላይ ይህ ማለት የውስጥ ሰርቨሮችዎና የማተሚያዎችዎ ስሞች ሁሉ ከውጭ ለጠየቀ ሰው ሲሰጡ ነበር ማለት ነው፤ ያወቀ ሰው አለ ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

ይህን አደረጃጀት ለማቆየት ከፈለጉ ሰከንደሪው በአድራሻው ሳይሆን በያዘው ቁልፍ መታወቅ አለበት። ቲሲግ የሚባለው ስልት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ሰርቨሮች የሚጋሩት ምስጢራዊ ቁልፍ በመካከላቸው የሚሄደውን እያንዳንዱን መልእክት ይፈርማል። ሁለት ቁልፎች ያዘጋጁ፤ አንዱ ለውስጡ፣ ሌላው ለውጭው። በፕራይመሪው የውስጥ ቪው ላይ «ማች ክላየንትስ» በሚለው መስመር መጀመሪያ የውጭውን ቁልፍ በቃለ አጋኖ ያግዱ፤ ቀጥለው የውስጡን ቁልፍ፣ በመጨረሻም የውስጥ ኔትወርኮችዎን ይጻፉ። ቅደም ተከተሉን አይቀያይሩ፤ እገዳው ከኔትወርኮቹ በኋላ ከመጣ ሰከንደሪው በአድራሻው አስቀድሞ አልፏል። የውጭውን ቁልፍ ይዞ የመጣ ጥያቄ ከውስጡ ቪው ሲባረር ወደ ታች ይወርድና ሁሉንም በሚቀበለው የውጭ ቪው ላይ ያርፋል። በሰከንደሪው በኩል ደግሞ በእያንዳንዱ ቪው ውስጥ የፕራይመሪው አድራሻ አጠገብ ተገቢውን ቁልፍ ይጻፉ።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ በትክክል ሠርቶ ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ማሳወቂያው ነው። ፕራይመሪው ዞኑ መለወጡን ለሰከንደሪው ሲነግር የሚነግረውም ከዚያው አድራሻ ስለሆነ ማሳወቂያው የሰከንደሪውን የተሳሳተ ቪው ይመታል፤ ስለዚህ «ኦልሶ ኖቲፋይ» በሚለው መስመር ላይም ቁልፉ መጠቀስ አለበት። ይህ ካልተደረገ የውጭው ዞን የሚታደሰው የጊዜ ገደቡ ሲደርስ ብቻ ነው፤ «ለውጡ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚደርሰው» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የወደቀው። ሁለተኛው የፋይል ስም ነው። ሁለቱ ቪዎች ለአንድ ስያሜ ዞን ተመሳሳይ ፋይል ላይ እንዲጽፉ ከተደረገ ወይ ባይንድ ራሱ እንቢ ይላል፣ ወይ በቆዩ ስሪቶች አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። የተለያየ ስም ይስጧቸው። አርመው ሲጨርሱ በሰከንደሪው ላይ የተበላሸው ቅጂ በራሱ ይስተካከላል ብለው አይጠብቁ፤ የሁለቱ ዞኖች ተከታታይ ቁጥር እኩል ከሆነ ሰከንደሪው አዲስ ነገር የለም ብሎ ይተወዋል። በ«አርኤንዲሲ ሪትራንስፈር» ትእዛዝ በግድ እንዲገለብጥ ያድርጉት።

ይህን ዛሬውኑ ይሥሩ፤ የተማሪዎቹ ቅሬታ ይቆማል። ነገር ግን አደረጃጀቱ ራሱ ለእርስዎ ኮሌጅ የሚመከር አይደለም። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«አንድ ቦታ አርሜ ሁሉም ጋ ይድረስ» የሚለው ዓላማ በአንድ ወገን ውስጥ ትክክል ነው፤ በሁለት ወገን መካከል ግን ስህተት ነው። የውስጡ ዞን የውስጥ ሰከንደሪዎች ይኖሩታል፤ የውጭው ዞን የውጭ ሰከንደሪዎች ይኖሩታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ምንም ዝውውር መኖር የለበትም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሆን ተብሎ የተለያየ መልስ እንዲሰጡ የተፈጠሩ ናቸው። የማባዛት ሥርዓት የሚያውቀው ማመሳሰልን ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በማመሳሰያ መሣሪያ ካገናኟቸው አንድ ቀን መመሳሰላቸው አይቀርም፤ እርስዎ ዘንድም የሆነው ይኸው ነው። ደግሞስ የሚቆጥቡት ድካም ምን ያህል ነው? የአንድ ኮሌጅ የውጭ ዞን ጥቂት መዝገቦች ናቸው፤ ድረ ገጹ፣ ፖርታሉ፣ የኢሜይል መዝገቦቹና ከኢሜይሉ ጋር የሚሄዱት የማረጋገጫ ጽሑፎች። እነዚህ በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለወጣሉ።

ስለ ማባዛቱ አሠራር አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ ላንሳ። ፕራይመሪው ወደ ሰከንደሪው ምንም አይልክም፤ የሚጎትተው ሰከንደሪው ነው። ፕራይመሪው ቢበዛ «መጥተህ እይ» የሚል አጭር ማሳወቂያ ይልካል። ሰከንደሪው መጥቶ በዞኑ አናት ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ያያል፤ ቁጥሩ እርሱ ከያዘው ከበለጠ ብቻ ይገለብጣል። ማሳወቂያው ቢጠፋ እንኳ በማደሻው ጊዜ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ዝውውሩ ካልሠራ የሚመረመረው ከሰከንደሪው ወደ ፕራይመሪው ያለው መንገድ ነው፤ በተለይም ፋየርዎሉ። ተራ ጥያቄ በወደብ 53 በዩዲፒ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ዩዲፒን ብቻ ይከፍታል። የዞን ዝውውር ግን የሚካሄደው በቲሲፒ ነው። ተለቅ ያሉ ተራ መልሶችም በዩዲፒ አልበቃ ሲሉ ወደ ቲሲፒ ይዞራሉ፤ በመሆኑም ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

ተከታታይ ቁጥሩን ብዙዎቻችን በቀን እንጽፈዋለን፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የዕለቱ ለውጥ በሁለት አኃዝ። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ግን እኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። አንዱ ባለሙያ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2026 ብሎ የጀመረውን ዞን ሌላው ባልደረባ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢቀጥለው ቁጥሩ ወደ ኋላ ሄዷል። ፕራይመሪው አዲሱን መልስ ይሰጣል፤ ሰከንደሪዎቹ ግን የያዝነው ይበልጣል ብለው አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ ጎርጎርዮሱ ቁጥር መመለስና በፋይሉ አናት ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ማስታወሻ መተው ነው። ስህተቱ በተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም አንድ አኃዝ ተዛብቶ ቁጥሩ ከልክ በላይ ከፍ ካለ፣ ጉዳዩ ይከብዳል። በራስዎ ሰከንደሪ ላይ በግድ ማስገልበጥ ይበቃል። በሌላ ድርጅት ሰከንደሪ ላይ ከሆነ ግን በመጀመሪያ በተሳሳተው ቁጥር ላይ 2147483647 ይደምራሉ፤ ድምሩ ከ4294967295 ካለፈ 4294967296 ይቀንሱለታል። ሁሉም እስኪገለብጡ ይጠብቁና ከዚያ ትክክለኛውን ቁጥር ያስገባሉ። ቁጥሩ እንደ ቀለበት የሚዞር በመሆኑ ሁለተኛው እርምጃ እንደ ጭማሪ ይቆጠራል።

በዞኑ አናት ላይ ካሉት የጊዜ ገደቦች ውስጥ ጉዳት የሚያመጣው የማብቂያው ጊዜ ነው። ሰከንደሪው ፕራይመሪውን ሳያገኝ ለምን ያህል ጊዜ መልስ መስጠቱን እንዲቀጥል የሚወስነው እርሱ ነው። አንድ ቀን፣ ማለትም 86400 ሰከንድ ብለው ቢያስቀምጡና ፕራይመሪው ዓርብ ማታ ቢጠፋ፣ ሰከንደሪው ቅዳሜ ማታ መልስ መስጠት ያቆማል፤ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ሁለቱም የሉም። ሁለት ሳምንት፣ ማለትም 1209600 ሰከንድ ያድርጉት። ማደሻውን አንድ ሰዓት፣ ድጋሚ መሞከሪያውን 10 ደቂቃ ቢያደርጉት ይበቃል። የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመዝገቦች ሁሉ ዕድሜ አይደለም፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በ1998 ከወጣው አርኤፍሲ 2308 ከተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ወዲህ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚለው መልስ ካሽ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ቀን ካደረጉት አዲስ ስም ከመፍጠርዎ በፊት ስሙን የጠየቀ ሰው እስከ ነገ ድረስ አያገኘውም።

አሁን ወደ ውጭው ወገን። ሁለቱ የስም ሰርቨሮችዎ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በአንድ የኢንተርኔት ገመድ ላይ ከሆኑ ያለዎት በሁለት ሣጥን የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ነው። በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2182 ሰከንደሪዎች በመልክአ ምድርም በኔትወርክም ተራርቀው እንዲቀመጡ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መዘንጋት የትልልቆቹንም ቤት አንኳኩቷል። በጃንዋሪ 2001 የማይክሮሶፍት ዋና ዋና ድረ ገጾች በሙሉ አንድ ቀን ገደማ ጠፉ። የድር ሰርቨሮቻቸው ደህና ነበሩ፤ አራቱም የስም ሰርቨሮች አንድ ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ አንድ የራውተር ማስተካከያ ስህተት ሁሉንም አብሮ ሸፈናቸው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲሰወር የስም ሰርቨሮቹ በልዩ ልዩ ቦታ ተበትነው ነበር። ነገር ግን ሁሉም ከድርጅቱ የውስጥ መስመር ጋር ግንኙነት ሲያጡ አድራሻቸውን ከኢንተርኔቱ እንዲያነሱ ታዝዘው ስለነበር አብረው ጠፉ። መበተን ብቻ በቂ አይደለም፤ የጋራ ጥገኝነትም መቆረጥ አለበት።

«መስመሩ ከተቋረጠ ፖርታሉም አይገኝም፤ ታዲያ የስም ሰርቨሩ ቢኖር ምን ይጠቅማል?» ሊሉ ይችላሉ። ለፖርታሉ አይጠቅምም፤ ስለዚያ አልዋሽዎትም። የእርስዎ ድረ ገጽና ኢሜይል ግን ውጭ አገር ናቸው። ዛሬ ግቢው መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሲዘገይ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ምንም እንከን የሚሠራው ድረ ገጽዎ አብሮ ይጠፋል፤ ስሙን የሚያውቁት እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰርቨሮች ብቻ ናቸውና። ለኢሜይል የሚመጣ መልእክትም ላኪው ዘንድ ወረፋ ይይዛል። ይህ ያለ አንዳች ምክንያት የተፈጠረ ጥገኝነት ነው።

የውጭውን ዞን ለመያዝ ሁለት ጤናማ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዞኑን ሙሉ በሙሉ በብዙ አገሮች ሰርቨር ላለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ሰጥቶ በድር ገጹ በኩል ማረም ነው። ሁለተኛው ፕራይመሪውን በግቢዎ አስቀምጦ መደበቅ ነው። ዞኑን የሚያርሙት እርስዎ ጋ ነው፤ ለዓለም የሚታወቁት ግን ከእርሱ በቲሲግ የሚገለብጡት የአገልግሎት ሰጪው ሰከንደሪዎች ብቻ ናቸው፤ የእርስዎ ሰርቨር በስም ሰርቨርነት የትም አይመዘገብም። ሁለተኛው መንገድ ለባንክ ወይም ብዙ ዞን ለሚያስተዳድር ድርጅት ይስማማል። አንድ ባለሙያ ላለው ኮሌጅ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የተደበቀ ፕራይመሪ ቁልፉ፣ ሰዓቱና ፋየርዎሉ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ቲሲግ በተለምዶ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባበት አሮጌ ሰርቨር ዝውውሩን በዝምታ ያቋርጠዋል፤ እርስዎ የሚያውቁት ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ነው።

የውስጡ ወገን ይበልጥ ይቀላል፤ ምክንያቱም የሚያስቡትን ያህል ትልቅ የውስጥ ዞን አያስፈልግዎትም። አሁን የኮሌጁን ዞን በሙሉ ውስጥም ስለገለበጡት ድረ ገጹ ወደ ሌላ አስተናጋጅ በሄደ ቁጥር ሁለት ቦታ ማረም ግዴታ ሆኖብዎታል፤ አንድ ቀን የውስጡን ይረሱና ዓለም ሁሉ የሚያየውን ድረ ገጽ የኮሌጁ ሠራተኞች ብቻ አያዩትም። ይህን ዞን ከውስጥ ያጥፉት። በምትኩ ስሙ በትክክል የፖርታሉ ሙሉ ስም የሆነ አንድ ትንሽ ዞን ይፍጠሩ፤ በውስጡ ከግዴታዎቹ መዝገቦች ሌላ አናቱ ላይ 10.20.0.15ን የሚጠቁም አንድ የአድራሻ መዝገብ ብቻ ይሁን። የውስጥ ሰርቨሮቹ ለዚህ ስም ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ለቀሪው የኮሌጁ ስም ሁሉ እንደ ማንኛውም ሪዞልቨር ወደ ውጭ ሄደው ይጠይቃሉ። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ከሁለት ሙሉ ዞን ወደ አንድ መዝገብ ይወርዳል። የማተሚያዎቹና የውስጥ ሰርቨሮቹ ስሞች ደግሞ ለብቻቸው በአንድ ንዑስ ስም ሥር ይሰብሰቡ።

ልዩነቱን ጨርሶ ማስቀረትም ይቻላል፤ ራውተሩ ከውስጥ ወደ ፐብሊክ አይፒው የሚሄደውን ጥያቄ አጥፎ ወደ ውስጥ እንዲመልሰው ይደረጋል። ያኔ የውስጥ ዲኤንኤስ መልስ መለየት አያስፈልገውም። ዋጋው ግን አለ። የግቢው የፖርታል ትራፊክ በሙሉ በራውተሩ ያልፋል፤ ፖርታሉ የሚመዘግበው የጠያቂ አድራሻም በብዙ አደረጃጀቶች የራውተሩ ይሆናል። አዳማ ያለው ተማሪም ቪፒኤን እያለ በኢንተርኔት ይዞራል። ለአንድ ግቢ ጥሩ ነው፤ ለሁለት አልመርጠውም።

ከሁለቱ የውስጥ ሰርቨሮች አንዱን አዲስ አበባ፣ ሌላውን አዳማ ያስቀምጡ። የእያንዳንዱ ግቢ ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ግቢ ሰርቨር በመጀመሪያ፣ የሌላውን በሁለተኛ ደረጃ ይያዙ። ቪፒኤኑ ሲቋረጥ አዳማ የውስጥ ስሞቹንም ኢንተርኔቱንም አያጣም፤ ሰከንደሪው ቅጂውን ይዞ እስከ ሁለት ሳምንት ይሠራል።

8.8.8.8ን ከሠራተኞች ኮምፒውተር ያውጡት። ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈ ዲኤንኤስ የሚጠየቀው የመጀመሪያው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው፤ የመጀመሪያው «እንዲህ ያለ ስም የለም» ካለ መልስ ሰጥቷል። በተቃራኒው የውስጡ ሰርቨር ለጥቂት ሰከንድ ሲዘገይ ጥያቄው ወደ ጉግል ይሄዳል፤ ሊኑክስ በነባሪ የሚጠብቀው አምስት ሰከንድ ብቻ ነው። ጉግል የማተሚያዎን ስም አያውቅም፤ የለም ይላል። ለፖርታሉ ደግሞ ፐብሊክ አይፒውን ይሰጣል። ዊንዶውስም አንዴ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ ወዲያው ወደ መጀመሪያው አይመለስም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሲገባ ውጤቱ ይብሳል፤ ኮምፒውተሩ የሚገባበትን ሰርቨር የሚያገኘው በዲኤንኤስ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ያልተቀበለው ይመስል ሠራተኛው ለደቂቃዎች ይጠብቃል። ጉግልን ወይም የኢንተርኔት አቅራቢዎን ዲኤንኤስ መጠቀም ከፈለጉ ቦታው በሁለቱ የውስጥ ሰርቨሮች ላይ፣ ጥያቄ በሚያስተላልፉበት መስመር ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አስተካክለውም አንዳንድ ስልኮች በፐብሊክ አይፒው ሊመጡ ይችላሉ፤ በአንድሮይድ ላይ የግል ዲኤንኤስ የከፈተ፣ ወይም አሳሹ በኤችቲቲፒኤስ በኩል ስም እንዲጠይቅ ያደረገ ሰው የእርስዎን ሰርቨር አያይም። ይህን በዲኤንኤስ አያስተካክሉትም።

ስለ አክቲቭ ዳይሬክተሪ አንድ ውሳኔ ብቻ ከባድ ነው፤ እርሱም ስሙ ነው፤ በኋላ መለወጥ እጅግ አድካሚ ነው። ኮሌጁ በሚታወቅበት ስም አይሰይሙት። ካደረጉት የውስጥ ሰርቨሮቹ የስሙ ሁሉ ባለቤት ነን ብለው ስለሚያስቡ አሁን ካጠፋነው ድርብ ዞን መልሰው ይገባሉ፤ ስሙ ያለ ምንም ቅጥያ ሲጻፍም ከግቢ ውስጥ የሚጠቁመው ድረ ገጹን ሳይሆን የዊንዶውስ ሰርቨሮቹን ነው። በ«ሎካል» የሚያልቅ ስምም ይቅር፤ ከ2013 ጀምሮ ለሌላ የስም አፈላለግ ስልት ተይዟል፤ ከአፕል መሣሪያዎችና ከሊኑክስ ጋር ይጋጫል። ከኮሌጁ ስም ሥር አንድ ንዑስ ስም ወስደው ይጠቀሙ። የዚያን ንዑስ ስም ጥያቄዎች ባይንድ ወደ ዊንዶውስ ሰርቨሮቹ እንዲያስተላልፍ ያድርጉ። የእነርሱ ማባዛት በዞኑ ተከታታይ ቁጥር የሚመራ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ይጽፋል፣ ለውጡም በዳይሬክተሪው ዝውውር ይሄዳል። በሁለት ግቢዎች መካከል ነባሪው ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው፤ ወደ 15 ደቂቃ ያውርዱት።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች። ለውጭ የሚታይ ማንኛውም ሰርቨር ለማያውቀው ሰው ስም ፈልጎ መስጠት የለበትም፤ ሪከርሽን ለውስጥ ኔትወርኮች ብቻ ይፈቀድ። በማርች 2013 ስፓምሃውስ በተባለው የፀረ አይፈለጌ መልእክት ድርጅት ላይ በሰከንድ ወደ 300 ጊጋቢት የደረሰው ጥቃት የተነሣው እንዲህ ለሁሉም ክፍት ከነበሩ ሰርቨሮች ነው። ዞን መገልበጥን በቁልፍ ይገድቡ፤ በቀደሙት የባይንድ ስሪቶች ምንም ካልተጻፈ ማንም መገልበጥ ይችላል። ማባዛት መጠባበቂያ ቅጂ እንዳይመስልዎ፤ በስህተት የሰረዙት መዝገብ በሰከንዶች ውስጥ ከሁሉም ይሰረዛል። የዞን ፋይሎቹን ከነታሪካቸው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከመጫንዎ በፊትም በ«ኔምድ ቼክዞን» ይፈትሹ። የአይፒ አድራሻን ወደ ስም የሚመልሰው የተገላቢጦሽ መዝገብ ለፐብሊክ አይፒዎ ከፈለጉ በእርስዎ ዞን አይጻፍም፤ አድራሻውን የሰጠዎት ድርጅት ነው የሚጽፈው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የውጭውን ዞን ለአገልግሎት ሰጪ ያስረክቡ። ሁለቱ ባይንዶች ቪው የሌላቸው የውስጥ ሰርቨሮች ይሁኑ፤ አንዱ አዳማ ይሂድ፤ በመካከላቸው ያለው ዝውውር በአንድ ቁልፍ ይፈረም፤ ከኢንተርኔት ወደ እነርሱ የሚገባው ወደብ 53 ይዘጋ።

ሲሸጋገሩ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ አሁን ባለው የውጭ ዞን ላይ የመዝገቦቹን ዕድሜ ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱና አሮጌው ዕድሜ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ከዚያ ዞኑን በአዲሱ አገልግሎት ላይ በእጅ ይጻፉ፤ ሰከንደሪዎ ላይ ያለውን ገልብጠው አያስገቡ፣ የተበላሸው እርሱ ነውና። በስልክ ዳታ በተገናኘ ላፕቶፕ እያንዳንዱን አዲስ የስም ሰርቨር በራሱ አድራሻ በ«ዲግ» ትእዛዝ ይጠይቁት፤ የፖርታሉ መልስ ፐብሊክ አይፒው መሆኑን፣ የአንድ ማተሚያ ስም ሲጠየቅ የለም ማለቱን፣ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ሲጠየቅ እንቢ ማለቱን ይመልከቱ። ተከታታይ ቁጥሩም በሁሉም ላይ እኩል መሆን አለበት። ይህ ሲሟላ ብቻ የስም ሰርቨሮቹ እንዲለወጡ ያመልክቱ፤ ስምዎ በ«ኢቲ» የሚያልቅ ከሆነ መዝጋቢው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከላይ ያለው ዞን የድሮውን ስም ሰርቨር ከለወጠ በኋላም መልሱ በሪዞልቨሮች ካሽ ውስጥ ስለሚቆይ አሮጌዎቹን ሰርቨሮች ቢያንስ ለ48 ሰዓት ለውጭ ክፍት አድርገው ያቆዩ፤ ወደብ 53ን የሚዘጉት ከዚያ በኋላ ነው።